ማዕዱና መዝገቡ

በረመዳን ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከሙሰፋህ የሠራተኛ ካምፖች የተነሡት አውቶቡሶች መቅጣዕ ላይ ይገጣጠማሉ። ከፊታቸው የሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ነጫጭ ጉልላቶች፣ ከጎናቸው ወደ አቡ ዳቢ ደሴት የሚያሻግሩት ድልድዮች ይታያሉ። ተሳፋሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ፌሮ ሲያስሩ፣ ብሎኬት ሲደረድሩ፣ ኮንቴይነር ሲያራግፉ የዋሉ ናቸው። አብዛኞቹ የባንግላዴሽ፣ የፓኪስታንና የሕንድ ሰዎች ሲሆኑ ሱዳናዊም ሐበሻም አይጠፋም። ግቢው ገብተው በረድፍ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። በየሰዉ ፊት አንድ አንድ ካርቶን አለ፤ ውስጡ ተምር፣ ውኃ፣ ላባን የሚባል እርጎ፣ ፍራፍሬ፣ ሰላጣ፣ ሩዝ በዶሮ ወይም በበግ ሥጋ። አዛን እስኪባል ክዳኑን የሚነካ የለም።

ይህን ምግብ ለዓመታት ሲያበስል የኖረው እዚያው መቅጣዕ ያለው፣ ቀድሞ የጦር ኃይሎች መኮንኖች ክበብና ሆቴል ይባል የነበረው ተቋም ነው። በአንድ ምሽት እስከ 30 ሺህ ሰው ያፈጠረባቸው ቀናት አሉ። የመስጊዱ አስተዳደር በቅርብ ዓመታት በአንድ ረመዳን ውስጥ የሚያቀርበው ማዕድ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆኗል፤ አብዛኛው ታዲያ ግቢው ድረስ መምጣት ለማይችሉት ወደየካምፓቸው የሚላክ ነው። ሥራው ከባድ ቢሆንም መልኩ ቀላል ነው። ስንት ሰው እንደሚመጣ በግምት ይታወቃል፣ ሰዓቱን አዛን ቆርጦታል፣ በዪውን እግሩ ወይም አውቶቡሱ አምጥቶታል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ሌላኛውን ምግብ ነው፤ ማንም ለድኻ ብሎ ያላበሰለውን፣ ከገበታ የተረፈውን።

ከመስጊዱ ማዶ፣ በወሽመጡ ዳር በተደረደሩት ትልልቅ ሆቴሎች፣ በዚያው ሰዓት የኢፍጣር ቡፌ ይከፈታል። ቡፌ የራሱ ሕግ አለው። መጨረሻ የሚመጣው እንግዳ የሚያየው ትሪ መጀመሪያ የመጣው ካየው ጎድሎ መገኘት የለበትም፤ ሁለቱም የከፈሉት ዋጋ አንድ ነውና። ስለዚህ ሼፉ መቶ ሰው ቢጠብቅ ለመቶ ሰው ብቻ አያበስልም። ትርፉ ከመጀመሪያው የታቀደ ነው። የሠርግ አዳራሾችም ከዚህ አይለዩም፤ በሩዝ ላይ የተጋደመ ሙሉ በግ ሳይነካ ቢመለስ ለደጋሹ ክብር እንጂ ነውር አይሆንበትም። እዚህ ላይ ዓረቦቹን ለመውቀስ የሚቸኩል አንባቢ ካለ፣ እኛ አገር ሠርግ ላይ ‹‹ወጥ አለቀ›› መባልን የምንፈራውን ያህል የምንፈራው ነገር እንዳለ ራሱን ይጠይቅ።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በየሰዉ ቤት ሲሆን 28 በመቶው ደግሞ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በመሳሰሉት ነው። ያው ሪፖርት በረሃብ የተጎዳውን ሰው ቁጥር 783 ሚሊዮን ይለዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የምትበላውን አብዛኛውን ምግብ ከውጭ የምታስገባ አገር ስለሆነች ጉዳዩ ለእርሷ ከምጽዋትም በላይ ነው። በመርከብ መጥቶ፣ በበረሃ ሙቀት ውስጥ በማቀዝቀዣ ተጠብቆ፣ ውድ ኤሌክትሪክ በልቶ፣ በመጨረሻ ቆሻሻ መጣያ የሚገባ ዶሮ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው። በ2022 የተጀመረው ‹‹ኒዕማ›› የተባለው አገር አቀፍ ፕሮግራም ይህን ብክነት እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ የተነሣውም ለዚህ ነው።

* * *

የምግብ ባንክ የሚባለው ነገር የተወለደው ከመቅጣዕ በጣም ርቆ፣ በአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ ነው። ጆን ቫን ሄንግል የተባለ በጎ ፈቃደኛ እ.ኤ.አ. በ1967 ሱፐርማርኬቶች የሚጥሉትን ነገር ግን ገና ደኅና የሆነ ምግብ ተቀብሎ ማከማቸት ጀመረ። የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አንድ አሮጌ ሕንፃና 3 ሺህ ዶላር ሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 125 ቶን የሚጠጋ ምግብ አለፈበት። ሰውዬው ያስተዋለው ዋና ነገር ግን ከቶኑ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ድኻ ራሱ ፈልጎ ሊያገኘው እንደማይችል ገባው። ስለዚህ ምግቡን ለሾርባ ቤቶች፣ ለመጠለያዎች፣ ለደብሮች አከፋፈለ፤ ድኻውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ባንኩ ጅምላ ሻጭ ሆነ፣ በጎ አድራጊዎቹ ቸርቻሪ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የምግብ ባንክ ሁሉ፣ ካይሮም ሆነ ዱባይ፣ በዚሁ ክፍፍል ነው የሚኖረው።

ካይሮ ላይ ነገሩ በ2006 ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ከሆቴል ሙያ የመጣው ሞዔዝ ኤል ሾህዲ ነበር፤ የቡፌን ምሥጢር ከሼፉ ወገን የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። የግብፅ የምግብ ባንክ ከሆቴሎች ጋር ተዋውሎ ያልተነካውን ምግብ ማሸግ ያዘ። ባልቴቶችን፣ ወላጅ አልባ ልጆችን፣ መሥራት የማይችሉ ሽማግሌዎችን ፍለጋ ግን ራሱ አልዞረም፤ በየሰፈሩ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ማኅበራት ዝርዝራቸውን ይዘው መጡ። ልምዱ ወደ ሌሎች አገሮች እንዲሻገር በ2013 የምግብ ባንኮች ቀጣናዊ መረብ ተቋቋመ፤ ኤል ሾህዲም መሪው ሆነ።

የኤምሬትስ የምግብ ባንክ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዱባይ ገዢ ሼኽ መሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም በጥር 2017 ሲያስጀምሩት ዓመቱ በአገሪቱ ‹‹የመስጠት ዓመት›› ተብሎ የታወጀ ነበር። መሠረቱ ዱባይ ነው፤ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት የምግብ ደኅንነቱን ሥራ ይዟል። ከሆቴል፣ ከሱፐርማርኬት፣ ከፋብሪካና ከእርሻ ይቀበላል። ለሰው የማይሆነውን ለእንስሳት መኖ ወይም ለማዳበሪያ ያውላል። ለማከፋፈል ሲመጣ ግን ከእርሱ በፊት የነበሩትን ይፈልጋል፤ በ1978 የተመሠረተው ዳር አል ቢር፣ በ1989 የተመሠረተው በይት አል ኸይር፣ በ1983 የተቋቋመው የኤምሬትስ ቀይ ጨረቃ ማኅበር። እነዚህ ድርጅቶች የትኛዋ ባልቴት ስንት ልጅ እንዳላት፣ የትኛው ካምፕ ደመወዝ እንደዘገየበት የሚያውቁት ባንኩ ሳይታሰብ ጀምሮ ነው።

አቡ ዳቢ ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። የቀይ ጨረቃው ማኅበር ‹‹ሒፍዝ አን ኒዕማ›› በሚባለው ፕሮጀክቱ ከሠርግ አዳራሽ፣ ከሆቴልና ከመኖሪያ ቤት የተረፈ ምግብ መሰብሰብ የያዘው ከዱባዩ ባንክ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይመጣል፣ ምግቡ ተመርጦ ይታሸጋል፣ በዚያው ሌሊት ይከፋፈላል። በኋላ ልብስና የቤት ዕቃም ጨምሯል። በ2019 የተቋቋመው የአቡ ዳቢ የማኅበራዊ አስተዋጽኦ ባለሥልጣን፣ ‹‹መዓን››፣ ከኩባንያና ከግለሰብ የሚመጣውን ገንዘብ በአንድ በር የሚያስገባ ሆነ። በመጋቢት 2020 ኮሮና ከተማዋን ሲዘጋ ‹‹አብረን ደኅና ነን›› በሚል የከፈተው ዘመቻ ወደ አንድ ቢሊዮን ድርሃም አሰባስቦ ምግብም ከወጪዎቹ አንዱ ነበር።

* * *

በሆቴሉ ወጥ ቤት የኋላ በር ላይ የሚሆነውን ማወቅ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ቡፌው ሲዘጋ ሁለት ዓይነት ትርፍ አለ። አንደኛው እንግዶች ማንኪያ ያስገቡበት፣ ሳል የነፈሰበት፣ ለሰዓታት በትሪ ላይ የቆየ ነው፤ ይህ ለማንም አይሰጥም። ሁለተኛው ከወጥ ቤት ያልወጣው፣ በሙቅ ካቢኔት ወይም በፍሪጅ የቆየው ነው። የምግብ ባንክ የሚፈልገው ይህንን ብቻ ነው። የበሰለ ምግብ ወይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ መቆየት አለበት። በመካከሉ ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ የተመቸ ነው፤ አቡ ዳቢ ደግሞ በበጋ ሌሊት እንኳ ከ30 ዲግሪ የማትወርድባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሩዝ ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ሞቅ ብሎ ውጭ ከቆየ ዘሩ ነቅቶ መርዝ ያመርታል፤ መርዙን ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ትልቅ ድስት ቢርያኒ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ሰው ለማሳመም በቂ ነው። ስለዚህ ሩዙ በስሱ ይዘረጋል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ይታሸጋል፣ የታሸገበት ሰዓት ይጻፍበታል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሆቴል ለድኻ ያደረገው ቸርነት ለጤና ጥበቃ ክስ ይሆንበታል። ብዙ ሆቴሎች መስጠትን ትተው መጣልን የሚመርጡትም ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው። የምግብ ባንክ ትልቁ አገልግሎት ይህን ፍርሃት ከሼፉ ትከሻ አውርዶ መረከቡ ይመስለኛል፤ መርማሪው የእርሱ፣ መኪናው የእርሱ፣ ፊርማውም የእርሱ ነው።

አሁን ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ነው እንበል። መኪናው ውስጥ አራት መቶ የታሸገ ሩዝ በዶሮ አለ። ለአራት መቶ ሰው የሚሆን ምግብ እስከ ነገ ምሳ ድረስ ዋጋ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ቆሻሻ ነው። በዚህ ሰዓት ማን ይበላል? ይህን የሚመልሰው መጋዘን አይደለም። የሚመልሰው የሌሊት ፈረቃው ከሥራ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ የሚያውቅ፣ የካምፕ ቦሱ ስልክ በእጁ ያለ፣ የትኛው ሸሪካ (ኩባንያ) ደመወዝ ካቆመ ሁለት ወር እንደሆነው ከሠራተኞቹ አፍ የሰማ የሰፈር በጎ ፈቃደኛ ነው። በመግባቢያ ሰነዶች ላይ ‹‹አጋር ድርጅት›› ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ይህ ሰው ነው። እርሱ ከሌለ ባንኩ ያለው ብዙ ሩዝና ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ገንዘብ እንዲህ ዓይነት ጭንቀት የለበትም። የኤምሬትስ ዘመቻዎች ከትርፍ ምግብ ወደ ገንዘብ ማደጋቸው በዚህ ይገባኛል። በ2020 ‹‹10 ሚሊዮን ማዕድ›› ተብሎ የተጀመረው አገር ውስጥ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተዘጋ። በ2021 ‹‹100 ሚሊዮን ማዕድ›› ድንበር ተሻግሮ የ216 ሚሊዮን ማዕድ ዋጋ ሰበሰበ፤ በ2022 ደግሞ ግቡ አንድ ቢሊዮን ሆነ። ውጭ አገር የሚከፋፈለውን ቀጣናዊው የምግብ ባንኮች መረብና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ይዘውት ነበር። አንድ ድርሃም በአንድ ማዕድ ተሰልቶ ሕዝቡ በስልኩ መልእክት እየላከ ይከፍል ነበር። ያስደንቃል፤ ብዙ ሰውም አጥግቧል። ሆኖም ከመቅጣዕ ሆቴል በኋላ በር ወጥቶ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ካምፕ የሚሄደው ሩዝ በስልክ መልእክት አይንቀሳቀስም። እርሱ ጎረቤት ይፈልጋል።

* * *

ሐበሻ አቡ ዳቢ ውስጥ ጎረቤቱን በደንብ ያውቃል። አንዲት ልጅ ታመመች ሲባል በዋትስአፕ ግሩፕ ድምፅ ይላካል፣ መዋጮ ይጠራል፣ ማታውን ገንዘቡ ይሰበሰባል። አገር ቤት ይህ የሚያስመሰግን ነው። እዚህ ግን ያሳስራል። የኤምሬትስ ፌዴራል ሕግ፣ በ2021 የወጣው ቁጥር 3 አዋጅ፣ ገንዘብም ሆነ ዕቃ ከሕዝብ መሰብሰብ የሚችሉት ፈቃድ ያላቸው አካላት ብቻ እንደሆኑ ይደነግጋል፤ በኢንተርኔት ያለ ፈቃድ ጥሪ ማድረግንም የሳይበር ሕጉ በእስራትና በመቶ ሺዎች ድርሃም ይቀጣል። ሕጉ የሚያነጣጥረው ለሕዝብ ጥሪ አድርጎ መሰብሰብ ላይ ነው እንጂ ለጎረቤት ሳህን ማቀበል ላይ አይደለም። የሕጉ ምክንያትም ከንቱ አይደለም። በምጽዋት ስም የሚያጭበረብር አለ፣ ገንዘቡ ለታጠቀ ቡድን የሚደርስ አለ፣ በድንኳን የተበሰለ ምግብ የሚመርዘው አለ። በረመዳን ፎቶግራፍ እየለጠፈ ‹‹ርዱ›› ስለሚል ማጭበርበሪያ በየዓመቱ ፖሊስ ያስጠነቅቃል።

ችግሩ ፈቃድ ያለው ድርጅት መዝገብ ያለው ድርጅት መሆኑ ነው። መዝገብ የሚፈልገው ደግሞ ወረቀት ነው። ኤምሬትስ አይዲ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ። ካርድ ያለው ሠራተኛ በካምፑ በኩል ይመዘገባል፤ ባሏ የሞተባት ነዋሪ ሴት በማኅበሩ ቢሮ ትመዘገባለች። የእኛ ልጆች አብዛኞቹ ታዲያ ያሉት በካምፕ አይደለም። ያሉት በሰው ቤት ውስጥ ነው።

በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪው መኝታና ምግብ እንዲሰጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንዲያሳርፍ ያስገድዳል። በወረቀት ስናየው የቤት ሠራተኛ የምግብ ባንክ አያስፈልጋትም፤ ምግቧ ከመዳም ቤት ነው። ነገር ግን ያቺው ልጅ ደመወዟ ተከልክሎ፣ ወይም ተደብድባ፣ ወይም ሥራው ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ከቤቱ የወጣች ዕለት መኝታዋንም ምግቧንም ሕጋዊነቷንም በአንድ በር ትታ ትወጣለች። አሠሪው በአምስት ቀን ውስጥ መጥፋቷን ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ስሟ በመንግሥት መዝገብ ላይ አለ፤ የሚያበላት መዝገብ ላይ ግን አይደለም። የሰዎች ዝውውር ሰለባ ሆና ከተገኘች በ2008 የተጀመረው የ‹‹ኢዋእ›› መጠለያ ይቀበላታል። ካልሆነች ቤድ ስፔስ ነው፤ ስድስት ወይም ስምንት ሴቶች በአንድ ክፍል፣ ሥራ ያላት ሥራ የሌላትን እያበላች።

ይህን ክፍል የሚያውቀው ማነው? የማኅበሩ ቢሮ አይደለም። የሚያውቁት በየሳምንቱ የእረፍት ቀን የሚገናኙ ሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዷ ሩዝና ዘይት ገዝታ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ለወር የሚሆን ሽሮ ከአገር ቤት አስልካ ታካፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከሴፕቴምበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 የቆየው የቪዛ ምሕረት ሲታወጅ ወረቀት የሌላቸው ብዙ ሰዎች ለአጭር ጊዜ ከተደበቁበት ወጥተው መንግሥት ፊት ቆሙ። እንዲህ ያለው ጊዜ ሲያልፍ በራቸው እንደገና ይዘጋል። ፈቃድ ያለው ሩዝ አለው፤ ዕውቀት ያላት ሴት ፈቃድ የላትም። በመካከላቸው ወረቀት የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ምግቡ የት እንደደረሰ የሚመሰክር አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለው። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ኮሚዩኒቲ ለዚህ የሚመች ቦታ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ከቀይ ጨረቃ ጋር ተፈራርሞ በራሱ ኃላፊነት ቢያከፋፍል ሕጉም አይጣስም፣ የልጅቷም ስም አይጻፍም።

* * *

ሌላም አለ፤ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ2025 ረመዳን የገባው በመጋቢት መጀመሪያ ሲሆን፣ ዐቢይ ጾም ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ተይዟል። በ2026 ደግሞ ሁለቱ በሁለት ቀን ልዩነት ጀመሩ። በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ምግብ በነፃ የሚከፋፈልበት ወር፣ ለኦርቶዶክሱ ሐበሻ ዶሮም፣ በግም፣ ላባንም የማይነካበት ወር ሆነ። ካርቶኑ ይደርሰዋል፣ ሥጋውን ለጓደኛው ይሰጣል፣ ተምሩንና ፍራፍሬውን ይበላል። ስጦታው ግማሽ ሆነበት ብሎ አያማርርም፤ የሚያማርረው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ የሚጠይቀው ደግሞ የለም። ለማስተካከል ግን ብዙ አይጠይቅም። የኢፍጣር ገበታ ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው የምስር ሾርባ የጾም ነው። ከአል ዐይን የተምር እርሻዎች የሚመጣው ተምር የጾም ነው። ሕንዶቹ ሥጋ የማይበሉ ወገኖቻቸው ስላሏቸው ዳልና አትክልት በሩዝ በየወጥ ቤቱ አለ። ‹‹ከመቶው ካርቶን ሃያው ያለ ሥጋ›› የሚል አንድ መስመር የሚጽፍ፣ የካምፑን ሰዎች የሚያውቅ አጋር ነው የሚያስፈልገው። ሕንዳውያኑ ማኅበራት ይህን መስመር ማስጻፍ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቁበታል።

* * *

ነገሩን ወደ አገር ቤት ስንወስደው መዝገቡ የበለጠ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም የአዲስ አበባ አስተዳደር ኮሮናን ፈርቶ በየወረዳው የምግብ ባንክ ሲያቋቁም ብዙዎቻችን ቃሉን በአማርኛ የሰማነው ያኔ ነበር። ዱቄት፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና ከባለሀብትና ከነዋሪ ተሰበሰበ፤ ማዕድ ማጋራት የየዕለቱ ዜና ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ‹‹ተስፋ ብርሃን›› በሚል የምገባ ማዕከላት ከፍታ በቀን አንድ ጊዜ የሚበሉ ሰዎችን ተቀብላለች። መቄዶንያን የመሰሉ ተቋማት ደግሞ ከዚያ በፊትም ሰው ልደቱንና ሠርጉን ይዞ ሄዶ አረጋውያንን የሚያበላባቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው ለመስጠት ተብሎ የተገዛ ወይም የተበሰለ ምግብ ነው፤ የመስጊዱ ካርቶን ወገን። የቦሌና የካዛንቺስ ሆቴሎች የኋላ በር ገና በሰፊው አልተነካም።

ዝርዝሩ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ያየነው ደግሞ በ2015 ዓ.ም ነው። የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ለታለመለት ሰው እየደረሰ አይደለም ብለው መጀመሪያ በትግራይ፣ ከዚያም በሰኔ በመላው አገሪቱ ሥርጭቱን አቆሙ። መጋዘኑ ሙሉ ነበር፣ የጭነት መኪናው ነበር፣ የተራበውም ነበር። ጠቡ ማን ይመዝገብ፣ ማን ያከፋፍል በሚለው ላይ ነበር። ሥርጭቱ ለወራት ተቋርጦ ሲቀጥል የተረጂዎች ልየታና ምዝገባ እንደገና እንዲሠራ ተደርጎ ነው። በእነዚያ ወራት የተከፈለውን ዋጋ የከፈለው መዝገቡን ያበላሸው ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል ትርፍ ምግብ የሚያከፋፍል ባንክ ይቋቋም የሚል ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከማቀዝቀዣ መኪና ነው። መኪናው ይገዛል። ከ60 ዲግሪ በላይ የሚያቆይ ሣጥንም ይገዛል፤ ሕግ ማርቀቅም የባለሙያ ሥራ ነው። የማይገዛው ግን ቀድሞም አለ፤ በየሰፈሩ እድር ጸሐፊ እጅ። ማን ባሏ እንደሞተ፣ ማን መዋጮ ካቆመ ስንት ወር እንደሆነው፣ የየትኛው ቤት ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ገንዘብ መላክ እንዳቋረጠች የሚያውቀው ያ መዝገብ ነው። በኤች አይ ቪው ክፉ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ሲጀምሩ ያንኑ መዝገብ ነበር የገለጡት። መዋጮ ያልቻለውን ከዝርዝሩ የሚሰርዝ እድር ግን የምግብ ባንክ አጋር ሊሆን አይችልም፤ ባንኩ የሚፈልገው በትክክል የተሰረዙትን ነውና። ስለዚህ ከሆቴሉ ጋር ከሚፈረመው ውል በፊት ከእድሩ ጋር የሚፈረም ሌላ ውል አለ፤ መክፈል ያቃተው ስሙ በሌላ ገጽ ላይ ይቆይ የሚል።